ማዙራ አረንጓዴ ተሰጣት

አሥራ አራተኛው አውሎ ነፋስ ማዙራን መትቶ ባለፈ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እማዋይሽ ደምለው በትንሽ አውሮፕላን ደሴቱ ላይ ደረሰች። ዘመኑ 2081 ነበር። ለአውሎ ነፋስ ስም ማውጣት ቀርቶ በቁጥር መጥራት ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድሮ በአንድ ዓመት የሚመጣው አሁን በአንድ ወር ስለሚመጣ ስም አውጪዎቹ ታክቷቸው ነው ይባላል።

እማዋይሽ የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ለአንድ የሽርሽር መርከብ ኩባንያ የደሴት መርማሪ ሆና ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። አውሎ ነፋስ ባለፈ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ደሴቱን ዞራ አይታ አንድ ቀለም መስጠት አለባት። አረንጓዴ ከሰጠች መርከቡ እንደ ዕቅዱ ይመጣል። ቀይ ከሰጠች መርከቡ ያን ደሴት ለሁለት ዓመት ይዘለዋል። ቀደም ሲል ቢጫም ነበር፤ ተሳፋሪዎች ቢጫ ባዩ ቁጥር ጉዟቸውን እየሰረዙ ስላስቸገሩ ኩባንያው አነሣው።

ቀለሙ ሌላም ነገር ይወስናል። የአካባቢው መንግሥታት በተስማሙበት ደንብ መሠረት አረንጓዴ የተሰጠው ደሴት እንደ ተጎዳ አይቆጠርም፤ የእርዳታ ጀልባም አይሄድለትም። ጀልባዎቹ ጥቂት፣ የተጎዱት ደሴቶች ብዙ ስለሆኑ ደንቡ ሲወጣ አጥብቆ የተቃወመ አልነበረም።

ወደቡ ላይ የተቀበሏት የወደቡ ኃላፊ ሞይና ነበሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭንና ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ናቸው። ግራ እጃቸው በቁራጭ ሻሽ ተጠቅልሏል።

«እንኳን ደህና መጡ» አሏት። «የእንግዳ መንገዱ ተጠርጓል። ከዚያ ይጀምሩ?»

የእንግዳ መንገድ የሚባለው ከመርከብ መውረጃው ተነሥቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ነጩ አሸዋ ላይ የሚያበቃው ነው። ርዝመቱ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ይሆናል። እማዋይሽ የምትመረምረው እሱን፣ ከእሱ ላይ ቆሞ በዓይን የሚታየውንና በአፍንጫ የሚሸተተውን ብቻ ነው። ዘንባባዎቹ ከሥራቸው ስለተነቀሉ ሌሊቱን ከመጋዘን ወጥተው የተተከሉት የፕላስቲክ ናቸው፤ ይፈቀዳል። የሱቆቹ ፊት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከፊቱ ኋላ ግድግዳና ጣሪያ የቀረላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ይህም ይፈቀዳል። የማይፈቀደው ድንኳን፣ ቀብር፣ ባዶ ባልዲ ይዞ የተሰለፈ ሰውና ለቅሶ ነው።

ገበያው መሃል ስትደርስ አንገትጌዋ ላይ የተሰካችው የሽታ መለኪያ ጮኸች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ከኮረብታው ጀርባ ነው የሚመጣው። መርከቡ በሚመጣበት በሐሙስ ነፋሱ ይዞራል፤ አይሸትም» አሉ ሞይና።

«ከኮረብታው ጀርባ ምን አለ?»

«ሰዉ ያለው እዚያ ነው።»

እማዋይሽ ይህን ሳትጠይቅም ታውቀው ነበር። ወደ ኮረብታው ጀርባ መሄድ ግን የሥራዋ ድርሻ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የስንቱን ደሴት ኮረብታ ከፊት ለፊት አይታ ተመልሳለች። ማዙራ ላይ ግን እህት ነበራት።

ውድነሽ የአሥራ ሁለት ዓመት ታናሿ ናት። እናታቸው ስትሞት ገና ስድስት ዓመቷ ስለነበር ደብረ ማርቆስ ላይ ያሳደገቻት እማዋይሽ ናት። መርከብ ላይ የልብስ እጥበት ሥራ ያስገባቻትም እሷው ነች። ከሰባት ዓመት በፊት መርከቡ ማዙራ ባረፈበት አንድ ቀን ውድነሽ ባካሪ ከሚባል ጀልባ ሠሪ ጋር ተዋወቀች። በሚቀጥለው ዙር ሻንጣዋን ይዛ ወርዳ እዚያው ቀረች። በባሏ ስም ስለተመዘገበች ኩባንያው መርማሪዋ ደሴቱ ላይ ዘመድ እንዳላት አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ሰው ይልክ ነበር።

ሞይና ያውቃሉ። «ጊዜ አለዎት፤ እኔ እዚህ እጠብቅዎታለሁ» አሏት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው።

ከኮረብታው ጀርባ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ሰፍሯል። የባሕሩ ውኃ ወደ መጠጥ ጉድጓዶቹ ስለገባ የሚጠጣ ነገር አልነበረም። ሰዉ በየሸራው ሥር ተቀምጧል። ውድነሽ እህቷን ከሩቅ አይታ እየሮጠች መጣች።

«እታለም!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ደህና ነሽ? ባካሪስ?»

«ደህና ነው። ትንሽ እግሩን ተመትቷል።»

ባካሪ ሸራው ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ክንዱ እንደ መቅዘፊያ ረጅም ነው። እማዋይሽን ሲያይ ሊነሣ ሞክሮ አልሆነለትም። እሷም ተንበርክካ ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገለጠችው፤ ወዲያው መልሳ ሸፈነችው። የቤቱ ምሰሶ ወድቆበት ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ተሰባብሯል። ቁስሉ ጠርዙ ጠቁሯል። አንገትጌዋ ላይ ያለችው መለኪያ እንደገና ጮኸች። ነቅላ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት።

ውድነሽ እጇን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት።

«ማዙራን አረንጓዴ በያት» አለች።

«ውዴ፣ የማየው አርባ ሁለት ነገር ነው። ሠላሳ አንዱ ወድቋል።»

«ቀይ ብትሰጪ የእርዳታው ጀልባ መቼ ይመጣል?»

«በተራ ነው። ከእናንተ በፊት አራት ደሴት አለ።»

«ከሦስት ዓመት በፊት ቀይ ሲሰጠን በስንተኛው ቀን ነው የመጣልን?»

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነበር።

«መርከቡ ሐሙስ ይመጣል» አለች ውድነሽ። «ባረፈ ቁጥር የመንደሩን ታንከር ውኃ ይሞላል፤ ውል ነው። ሐኪሙም ለሁለት ሰዓት ወርዶ ሰው ያያል። የቀዶ ጥገና ክፍል አላቸው እታለም። ያንን አንሶላ ስንት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ እኮ። ያንቺ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው።»

«የሌላውስ ሰው? አረንጓዴ ከሰጠሁ በኋላ መርከቡ ቢቀር ለማንም የሚመጣ የለም።»

«አረንጓዴ ሰጥተሽ መርከቡ የቀረበት ቀን አለ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አልነበረም። እማዋይሽም ይህንኑ ነገረቻት።

ሸራው ሥር ስትመለስ ባካሪ ከሚስቱ በተማራት ትንሽ አማርኛ፣ «እታለም፣ ላንቺ ሥራ ችግር አለው?» ብሎ ጠየቃት።

«የለውም» አለችው።

ያን ዕለትና በማግስቱ ጧት መንገዱን ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት። ሞይናን፣ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሰጡ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሰዉን ከጠየቁት ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ይልዎታል» አሉ። «ቀይ የሚሉት መርከቡን የጠሉ ናቸው። አረንጓዴ የሚሉት ጠምቷቸዋል። ከእኔ የሚጠበቀው መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው፤ ተጠርጓል።»

ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እማዋይሽ ማዙራን አረንጓዴ አለቻት። አርባ ሁለቱንም «ተስማሚ» ብላ ሞላች።

ሐሙስ ጧት ደሴቱ ለእንግዳ ተሰናዳ። ከኮረብታው አናት ላይ የሚታዩ ሸራዎች ወርደው ተጠቀለሉ። ሦስት ቀብር ለዓርብ ተላለፈ። የሚያለቅሱ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ወደ ሰሜኑ ዳርቻ እንዲሄዱ ተነገራቸው፤ ያለ ክርክር ሄዱ። ባካሪን አራት ሰዎች በበር ሳንቃ ላይ ተሸክመው ቀለም ከተቀባው የሱቆች ፊት ጀርባ አስቀመጡት፤ ተሳፋሪዎቹ ካለፉ በኋላ ወደ መርከቡ ለማስገባት ነው። ትኩሳቱ ስለጨመረ ውድነሽ በባሕር ውኃ የራሰ ጨርቅ ግንባሩ ላይ እያደረገች ታወራው ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ለእማዋይሽ መልእክት ደረሳት። ለሁሉም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች የተላከ ነው። «መልካም ዜና! የምንቃ ደሴትም አረንጓዴ አግኝታለች። የዛሬው ፀሐይ በማዙራ ለስድስት ሰዓት፣ በምንቃ ለዘጠኝ ሰዓት እንደሚቆይ ስለተገመተ ለእርስዎ ምቾት ሲባል ወደ ምንቃ እናመራለን። ማዙራን ከስምንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በዕይታ እንጎበኛታለን።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቢሮ ደወለች። የመለሰላት ሰው ድምፁ ለስላሳና ትሁት ነበር።

«ቀለሙን ወደ ቀይ መለወጥ እፈልጋለሁ» አለችው።

«ቀለም አንዴ ከተሰጠ ዘጠና ቀን ይጸናል። ያውቁታል እኮ።»

«እንግዲያው ሐኪሙን በጀልባ ላኩልኝ። ሊሞት የደረሰ ሰው አለ።»

«ተሳፋሪ ነው?»

«አይደለም።»

«ሠራተኛችን ነው?»

«አይደለም። የደሴቱ ሰው ነው።»

«መርከቡ ያላረፈበት ቦታ ሐኪሙ አይወርድም። ለተጎዱ ደሴቶች የእርዳታ ጀልባ አለ።»

«እሱን ለማስቀረት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች እማዋይሽ።

ሰውየው ግን፣ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» አላት።

ለውድነሽ ስትነግራት ውድነሽ አልጮኸችም። ጨርቁን ጨምቃ በባካሪ ግንባር ላይ መለሰችው። «በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለች።

ባካሪ በገዛ እጁ የሠራት ጀልባ ከአውሎ ነፋሱ ተርፋ ነበር። ከሳንቃው ጋር አንሥተው ወለሏ ላይ አስተኙት፤ ፀሐዩ እንዳያቃጥለው በብርድ ልብስ ሸፈኑት። እማዋይሽ ሞተሩን ያዘች። ውድነሽ ከፊት ቆመች። ማዕበሉ ገና አልበረደም፤ ጀልባዋ ወጣ ባለችና በወደቀች ቁጥር ባካሪ ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጩ መርከብ ከፊታቸው እንደ ከተማ ቆመ። እማዋይሽ ከጎኑ ተጠግታ አብራው ትነዳ ጀመር። ከላይ በረንዳዎቹ ላይ ሰው ይታያል። የሥራ መታወቂያዋን አውጥታ በአንድ እጇ ወደ ላይ ዘረጋችው። ውድነሽ የመርከቡን ሰዎች ቋንቋ አሳምራ ትናገር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከአፏ የወጣው የእናቷ ቋንቋ ነው። ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ፣

«ሐኪም! ሐኪም!» እያለች ጮኸች።

መጀመሪያ ያየቻቸው አንዲት ሴት ናት፤ ሌሎቹን ጠራች። ሰዉ ወደ በረንዳው አጥር ተንጋጋ። ከመርከቡ ድምፅ ማጉያ፣ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ የማዙራ ወዳጆቻችን ሰላምታ ሊያቀርቡልን በጀልባ ወጥተዋል!» የሚል ተሰማ። ከየፎቁ እጅ ተውለበለበ። ፎቶ ያነሣሉ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ እጆቹን እንደ ውድነሽ ዘርግቶ «ሐኪም!» ብሎ መለሰላት። ሌሎቹም ተቀበሉት። ጥቂት ቆይቶ ያ ሁሉ ፎቅ በአንድ ድምፅ «ሐኪም! ሐኪም!» ይል ነበር።

ውድነሽ ወደ ባካሪ እያመለከተች በምልክት ልታስረዳቸው ሞከረች። ከዚያ ከፍታ ግን ብርድ ልብስ የተሸፈነ ዕቃ እንጂ ሰው አይመስልም። መርከቡ ሦስት ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ፤ ፍጥነቱን ጨመረ። ማዕበሉ ጀልባዋን ሊገለብጣት ምንም አልቀረው። እማዋይሽ መታወቂያዋ ከእጇ መውደቁን ያወቀችው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ባካሪ ዓርብ ጧት ሞተ። ከመሞቱ በፊት ነፍሱን አውቆ ሁለቱንም እያያቸው፣

«ጀልባዋ ውኃ አስገባች?» አለ።

«ጠብታ አላስገባችም» አለችው ውድነሽ።

«ያን ሁሉ ማዕበል ቻለችው?»

«ቻለችው።»

«ደህና አድርጌ ነው የሠራኋት» አለ።

በወጋቸው መሠረት ዕለቱን ተቀበረ። ሰኞ ዕለት የእርዳታው ጀልባ በማዙራ አጠገብ አለፈ። ሰዎች ድንጋይ ላይ ወጥተው በጨርቅ ጠሩት፤ ዝርዝሩ ላይ አረንጓዴ ስለሚላት አልቆመም። መርከቡም ከዚያ ወዲህ ማዙራ ላይ አላረፈም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከመጥፎ ውኃ የተነሣ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙት ሕፃናት ናቸው። እማዋይሽ የሆነውን ሁሉ ለመንደሩ ሰው በራሷ አንደበት ነገረች። የሰደባት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሸራው ጥላ ሥር ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተነሥተው ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ።

ሥራዋን በደብዳቤ ለቀቀች። ኩባንያው አመሰገናት። የመጨረሻ መዝገቧ ላይ «ማዙራ፦ ተጎብኝታለች» ተብሎ ተጽፎ አየች። እንዲታረም ጠየቀች። ታርሞ ሲመለስ «ማዙራ፦ በደማቅ አቀባበል ተጎብኝታለች» ይላል።

ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ከሰዉ ጋር ጉድጓድ ትጠርጋለች፤ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ትሠራለች። ውድነሽ ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር ያህል አላናገረቻትም። አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው ሲመለሱ ድንገት ቆመችና፣

«የለመንኩሽ እኔ ነኝ» አለች።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለቻት እማዋይሽ።

«አውቃለሁ። ሁለቱንም ነው የማስበው፤ አንዱን ብቻ ባስብ ኖሮ እተኛ ነበር» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በአራተኛው ወር ሞይና ወደ እህትማማቾቹ ቤት መጡ። ቤት የሚባለው ሁለት ግድግዳና የሸራ ጣሪያ ነው። ሴትየዋ የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘው ቆሙ እንጂ ለመስጠት አልቸኮሉም። በመጨረሻ ዘረጉት። የኩባንያው የሚመጣው ወቅት የጉዞ መጽሔት ነበር። ሽፋኑ ላይ ውድነሽ አለች፤ ጀልባዋ ላይ ቆማ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ አርፎ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ሐኪም! በማዙራ ቋንቋ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው።»

ውድነሽ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ከሽፋኑ ላይ እንዲያወጡት እጽፍላቸዋለሁ» አለች እማዋይሽ።

«ይጻፉ» አሉ ሞይና። «እኔ የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። ተሳፋሪዎቹ እሷን ማየት ይፈልጋሉ። መርከቡ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ እንዲያርፍ ኩባንያው ይስማማል፤ ጀልባዋ ወጥታ እንደዚህ ከተቀበለችው ነው። ታንከሩን ይሞላሉ። ሐኪሙም ይወርዳል።»

«ሞይና፣ ያፍሩ እንጂ!» አለች እማዋይሽ። «ባሏ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር እኮ!»

«አፍሬያለሁ» አሉ ሞይና። «አፍሬም መጥቻለሁ። የልጄ ልጅ ከትናንት ወዲያ ሞታለች።»

ውድነሽ መጽሔቱን አጥፋ ለሞይና መለሰችላቸው።

«ሐኪሙ ለስንት ሰዓት ነው የሚወርደው?» አለች።

«ለሁለት።»

«አራት ይሁን በሏቸው።»

ኩባንያው በሦስት ሰዓት ተስማማ። የመጀመሪያው ሐሙስ ጥርት ያለ ቀን ነበር። እማዋይሽ ሞተሩን ያዘች፤ ለማንም አሳልፋ አትሰጠውም። ኩባንያው ቢጫ ቀሚስ ልኮ ነበር። ውድነሽ አልለበሰችውም፤ በዚያች ቀን ለብሳው የነበረውን ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ለበሰች። መርከቡ ብቅ ሲል ከፊት ቆመች። በረንዳዎቹ ገና ከሩቁ በሰው ተሞልተው ነበር።

እጆቿን ዘረጋች።

«ሐኪም!» ብላ ጮኸች። «ሐኪም!»

ሰዉ ቃሉን መርከቡ ላይ ሲለማመደው ሰንብቶ ነበር። ከታች እስከ ላይ ያለው ፎቅ ሁሉ በአንድ ድምፅ መለሰላት። አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር፤ ልባቸው ተነክቶ። ሕፃናት ወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው «ሐኪም!» ይላሉ። ውድነሽ እስኪበቃቸው ጮኸችላቸው። ጥሩምባው ሲነፋ እጆቿን አውርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሸሚዟ ጠርዝ ጠረገች።

«እታለም፣ መልሺን» አለች። «ቶሎ በይ። ሐኪሙ ሳይወርድ ሕፃናቱን ወረፋ እናስይዝ።»